እግሬ ሻንጣ አይደለም

ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ሰዓት ይልቅ የሚከብደኝ ከመሳፈሬ በፊት ያለው ፍተሻ ነው። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው፤ ውስጡ የብረት ቱቦ ስላለው በፍተሻው በር ባለፍኩ ቁጥር ይጮኻል።

አሜሪካ ውስጥ ደንቡ ግልጽ ነው። ቲኤስኤ የሚባለው የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተሳፋሪው ሰው ሠራሽ እግሩን እንዲያወልቅ አያስገድድም። ከሰው ዓይን ገለል ባለ ክፍል ልፈተሽ ማለት፣ አብሮ የሚገባ ሰው መምረጥም ይቻላል። ከበረራው 72 ሰዓት በፊት ደውሎ እርዳታ የሚጠየቅበት ስልክ አለ፤ እኔም ደወልኩ። ደለስ ላይ የተቀበለኝ ወጣት ፈታሽ ገና ሳይነካኝ የሚያደርገውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረኝ። ከዚያ መዳፎቼንና እግሬን በቁራጭ ጨርቅ ጠረገና ጨርቁን የፈንጂ ቅሪት የሚለየው ማሽን ውስጥ አስገባው። (ግሊሰሪን ያለበት ቅባት ይህን ማሽን ሊያስጮኸው ስለሚችል በጉዞ ቀን ባትቀቡ ይሻላል።) ማሽኑ ዝም አለ፤ አለፍኩ።

እንዲህ ያለ አያያዝ ግን በሄዱበት ሁሉ አይገኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞዬ፣ አውሮፕላን ልቀይር በወረድኩበት አንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያ፣ ፈታሹ እግሬን አውልቄ ከሻንጣዎቹ ጋር በኤክስሬይ እንዳሳልፍ አዘዘኝ። ሰልፈኛው ሁሉ እያየኝ አወለቅሁት። ውርደቱ አንድ ነገር ነው፤ ሕመሙም አለ። በረጅም በረራ የቀረው የእግሬ ክፍል ያብጣል፤ ሰው ሠራሹ ደግሞ በልክ የተሠራ ስለሆነ አንዴ ከወለቀ መልሶ ማስገባቱ ጭንቅ ነው። ገፍቼ ሳስገባው ቆዳዬ ተላጠ፤ ቀጣዩን አውሮፕላን የተሳፈርኩት እያነከስኩ ነው። ፈታሹ ክፉ ሰው አልመሰለኝም። የምወቅሰው ሳያስተምር በር ላይ ያቆመውን ነው።

ቦሌ ላይ ያስቸገረኝ ጫማ ነው። ስመለስ ተርሚናሉ መግቢያ ላይ እንደማንኛውም ሰው ጫማ አውልቅ ተባልኩ። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ከፍታ ልክ ነው። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ዝቅ ይልና ጉልበቴን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በዚያ በሚያንሸራትት ወለል ላይ መቆም ያቅተኛል። ይህንን ሳስረዳው ፈታሹ «ቆይ ወንድሜ፣ እንዳትወድቅ» ብሎ ወንበር አመጣልኝ፤ ጫማዬን ሳያስወልቅ ተቀምጬ በእጁ ፈተሸኝ። እግዜር ይስጠው። ነገር ግን የእኔ ክብር በዕለቱ በገጠመኝ ፈታሽ ጠባይ ላይ መንጠልጠል የለበትም። በሀገራችን በጦርነት፣ በፈንጂ፣ በመኪና አደጋና በስኳር ሕመም እግሩን ያጣው ብዙ ነው፤ እሱም ለሕክምና፣ ለሥራ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ይበርራል። «አውልቅ» ከማለት በፊት «እንዴት ብፈትሽህ ይመችሃል?» ብሎ መጠየቅ ከጥበቃው የሚያጎድለው አንዳች ነገር የለም። የአየር ማረፊያ ኃላፊዎች ይህን ለእያንዳንዱ ፈታሽ አስተምሩልን።

እንደ እኔ የምትጓዙ ወገኖቼም፣ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ በሩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ለፈታሹ ንገሩት፤ ገለል ያለ ክፍል ጠይቁ። እግራችሁን አውልቁ ከተባላችሁ ደግሞ አለቃው ይጠራልን በሉ።