የተመለሰው የሕፃን ጫማ

ልጆች ሆይ፥ ይቅርታ መለመን ለልጆች ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም። ታላቅ ሰውም ይበድላል፤ መምህርም ይበድላል። እኔ መምህራችሁ ይህን የተማርሁት ከአንድ ትንሽ ጫማ ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው።

ከባሕር ማዶ ካናዳ የምትባል ሰፊና ብርዳም አገር አለች። አውሮፓውያን ሳይመጡ አስቀድሞ ብዙ ሕዝቦች ይኖሩባት ነበር፤ ለያንዳንዱም ሕዝብ የራሱ ቋንቋና የራሱ ሥርዐት ነበረው። አውሮፓውያን አገሩን ከያዙ በኋላ ግን መንግሥታቸው ልጆቹን ከወላጆቻቸው ለይቶ እንደ አውሮፓውያን ሊያደርጋቸው አሰበ። ስለዚህ ከ1880ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (ዓመቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ብዙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ገንዘቡን መንግሥት ይሰጣል፤ ቤቶቹን አብያተ ክርስቲያናት ያስተዳድራሉ። ከእኩሌታ የሚበልጡት በካቶሊካውያን እጅ ነበሩ። በ1920 የወጣ ሕግም ልጆቹ በግድ እንዲገቡ አደረገ።

150,000 ያህል ልጆች በእነዚህ ቤቶች አለፉ። በገቡ ጊዜ ጠጕራቸው ይቈረጥ ነበር። እናቱ በፍቅር ያሳደገችለትን ቍንጮ ባዕድ ሰው በመቀስ ቢቈርጥበት አንድ ልጅ ምን እንዲሰማው አስቡ። ልብሳቸው ይወሰድ፥ ስማቸው ይለወጥ፥ በእናታቸው ቋንቋ ሲነጋገሩ የተገኙትም ይቀጡ ነበር። ብዙዎች ተራቡ፤ ብዙዎች ተደበደቡ። ከ4,000 የሚበልጡት በሳንባ ነቀርሳና በሌላም ምክንያት ሞተው ቀሩ። የመጨረሻዎቹ ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ ዓመታት ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ በሰው አገር በደል ላይ ለመፍረድ ቸኰልሁ። ኅሊናዬ ግን፥ «አንተሳ?» አለኝ።

እኔ በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ፊደልና ዳዊት ተማርሁ፤ ኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ መምህር ሆንሁ። ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን ከከምባታ የመጣ አንድ ትንሽ ልጅ በክፍሌ ነበረ። አማርኛ ገና አልለመደም ነበርና ከወንድሙ ጋር በእናቱ ቋንቋ ሲነጋገር ሰማሁት። ተቈጥቼም በጓደኞቹ ፊት አንበረከክሁት። ልጆቹ ሳቁበት፤ እኔም አልከለከልኋቸውም። ከዚያ ቀን ወዲያ የዚያ ልጅ ድምፅ በክፍሌ ውስጥ አልተሰማም። እኔ ዝምታውን ጨዋነት ነው ብዬ ቈጠርሁት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፥ እኔ ረሳሁት።

አሁን ወደ ጫማው ልመለስ። በ2022 በማርች ወር የካናዳ ነባር ሕዝቦች መልእክተኞች ወደ ሮማ ሄዱ። ከእነርሱም አንዲት ቀድሞ የሕዝባቸው አለቃ የነበሩ ሴት ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከቆዳ የተሰፋ ኹለት ጥንድ የሕፃን ጫማ ሰጧቸው። ጫማው ከትምህርት ቤት ወደ እናታቸው ቤት ያልተመለሱትን ልጆች የሚያሳስብ ነው። ሴትዮዋም ጫማውን ወስደው እንዲያስቀሩት አልሰጧቸውም፤ ወደ ካናዳ ሲመጡ ይዘውት እንዲመለሱ ለመኗቸው እንጂ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያን ጊዜ የ85 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ጕልበታቸውን ያማቸው ስለ ነበረ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዱ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጁላይ 25 ቀን፥ በእኛ ሐምሌ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ በካናዳ ማስክዋቺስ በተባለ ስፍራ፥ ከቀድሞዎቹ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አጠገብ፥ በተበደሉት ፊት ይቅርታ ለመኑ። ጫማውንም መለሱ። ይቅርታ መለመን የመጀመሪያ እርምጃ እንጂ የነገሩ መጨረሻ እንዳልሆነም ተናገሩ። ከተሰበሰቡት አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዳንዶቹም ቃል ብቻውን አይበቃም አሉ። ፍራንቸስኮስ በ2025 በኤፕሪል ዐረፉ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ተተኪያቸው ሊዮ 14ኛ በቫቲካን ይኖሩ የነበሩ 62 ዕቃዎች ወደ ነባሮቹ ሕዝቦች እንዲመለሱ ለካናዳ ጳጳሳት አስረከቡ።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። በዳዩ ይሄዳል እንጂ ተበዳዩን ወደ ቤቱ አያስጠራም። እኔም የማስክዋቺስን ነገር ባሰብሁ ጊዜ ያንን ልጅ ልፈልገው ተነሣሁ።

ልጁ አድጎ በከተማችን አናጢ ሆኖ አገኘሁት። ወደ ሥራ ቤቱ ገብቼ በደሌን ነገርሁት። መጋዙን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፥ «መምህር፥ ይቅር ለእግዚአብሔር። ነገር ግን እንደኔ እንዳይሣቅበት ፈርቼ የእናቴን ቋንቋ ለልጄ አላስተማርሁትም። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ልጄም ከአያቱ ጋር መጫወት አይችልም» አለኝ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ከድንጋይ የከበደ ነገር ተሸከምሁ። አንድ ቀን አንድ ልጅ አንበረከክሁ፤ አያትና የልጅ ልጅ ግን በአንድ ቤት እየኖሩ ተለያዩ።

«ምን ልመልስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እናቴን ወደ ክፍልዎ ይጥሯት» አለኝ። በማግስቱ ዐርብ እናቲቱ መጡ። በቋንቋቸው ተረት ተረኩ፤ ልጃቸውም በአማርኛ ተረጐመው። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር በወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ማንም አልሳቀም። ተረቱ ባለቀ ጊዜ የልጅ ልጃቸው እጁን አንሥቶ፥ «እማማ፥ ውሃ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም ነገሩት፤ እኛም ኹላችን አብረን አልነው። ከዚያ ወዲህ በየዐርቡ ይመጣሉ።

ልጆች ሆይ፥ ሰውን የበደላችሁ እንደ ሆነ ወደ ደጁ ሂዱ። በደላችሁን በስሙ ጥሩት፤ «ምናልባት» አትበሉ። የወሰዳችሁትንም መልሱ። ይቅርታ ይዘገይ ይሆናል፤ በደልን መናዘዝ ግን አይዘግይ።