የጎደለው ሰዓት

የእህቴ ልጅ ሲስተር ናት። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሠርታለች። እሷ መርፌ ስትወጋ ሕፃን እንኳ የሚያለቅሰው እጇን ካነሳች በኋላ ነው እየተባለ ይቀለዳል። ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን «ጋሼ፣ ጀርመን ልሄድ ነው፤ ወረቀቱን አግዘኝ» አለችኝ። ፎርም መሙላት ምን ይከብዳል ብዬ እሺ አልኩ። ጉዴን ሳላውቅ!

እናላችሁ፣ ነገሩ እኛ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እንደምናወራው «ሥራ ተገኘ፣ ቪዛ ተመታ፣ ቻው» አይደለም። ሥራውን ራሷ ናት አፈላልጋ ያገኘችው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) የጤና ባለሙያ እጥረት ከጠናባቸው 55 አገሮች ተርታ ኢትዮጵያን አስፍሯታል። ጀርመኖች ደግሞ የግል ኤጀንሲ ከእነዚህ አገሮች ነርስ እየዞረ እንዳይመለምል በሕግ ከልክለዋል። ሰውየው በራሱ ካመለከተ ግን መብቱ ነው። የእኛ ልጅ በራሷ አመለከተች። ጀርመንኛውንም ከአዳር ተራ ወጥታ እያንቀላፋች ተምራ ቢ ሁለት የሚባለውን ደረጃ አለፈች።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ዲግሪዋ ላይ የተመረቀችበት ዘመን 2005 ይላል፤ በእኛው አቆጣጠር ነው። ተርጓሚው እንዳለ 2005 ብሎ አሳለፈው። የልደት ሰርተፊኬቷ ደግሞ በፈረንጅ 1991 ነው። በዚህ ሂሳብ ልጅቷ በ14 ዓመቷ ተመርቃ ቁጭ! ሳቅን፤ ለማስተካከል ግን ሁለት ወር ፈጀብን። «የቤተሰብ ስም» የሚለውንማ አንዱ ፎርም ላይ በአባቷ፣ ሌላው ላይ በአያቷ ሞልተነው... ብቻ እሱን ተዉት።

የኮምፒዩተር ባለሙያ ብትሆን ኖሮ ቀለል ይላት ነበር። ለእነሱ ሰማያዊ ካርድ የሚባል ፈቃድ አለ፤ ዲግሪ ወይም በቂ የሥራ ልምድ፣ ከዚያም የሥራ ውል ይጠየቃል፣ ደሞዝም ይታያል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) እጥረት ላለባቸው ሙያዎች የተቀመጠው ዝቅተኛ የዓመት ደሞዝ 43,759 ዩሮ ከ80 ሳንቲም ነበር። ሳንቲሟን ልብ በሉልኝ! ነርስነት ግን እንደ ሐኪምነት ያለ ልዩ ፈቃድ የማይሠራ ሙያ ነው። ስለዚህ የተማርሽው ከእኛ ጋር እኩል ነው ወይ ተብሎ በሰዓት ይመዘናል። የእነሱ ሥልጠና 2,100 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ 2,500 ሰዓት የተግባር ልምምድ ነው። ከኮሌጇ የትምህርቶቹን ዝርዝር ከነሰዓታቸው አስጽፈን፣ አስተርጉመን ላክን።

መልሱ በእኔ ኢሜይል መጣ። ትምህርቷ በአብዛኛው ተቀባይነት አግኝቷል፤ የጎደላት ግን አለ። ምን ይሆን? የአረጋውያን እንክብካቤ።

እናቴ በዚያች ልጅ ቤት ከተኛች ስድስት ዓመቷ ነው። ግማሽ አካሏ ከከዳት ወዲህ የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጣት ማን ሆነና! ስድስት ዓመት ተኝታ ጀርባዋ ላይ አንዲት ቁስል የለችም። እህቴ ሱቅ ውላ ማታ ነው የምትገባው። እኔ? እኔ በየወሩ ገንዘብ እሰጣለሁ፣ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ። የስድስት ዓመቱን ሰዓት ደምሩት እስቲ። ሕጉ የሥራ ልምድ ጉድለትን እንደሚሞላ ይፈቅዳል፤ አሠሪው በማኅተም አረጋግጦ ሲጽፍ ነው ታዲያ። እናቴ ማኅተም የላትም።

አሁን የማወራውን ለእህቴም አልነገርኳትም። ያንን ደብዳቤ ዘጠኝ ቀን ይዤው ቆየሁ። እምቢታ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በሩ ተከፍቷል፤ የጎደለውን እዚያው ሄዳ በማሟያ ሥልጠና ወይም በፈተና ልትሞላው ትችላለች፣ እስከዚያው በረዳትነት ትሠራለች። የያዝኩት እሷ ስትሄድ እማዬን የሚያገላብጣት ማን እንደሆነ ስለገባኝ ነው። ሰው የልጅ ዕድል እንዲህ በኪሱ ይዞ ይዞራል? እኔ ይዤ ዞርኩ።

በዘጠነኛው ቀን አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት።

«አይቼዋለሁ እኮ ጋሼ» አለችኝ። «የመጣ ዕለት ለእኔም ግልባጩ ደርሶኛል። እስክትነግረኝ እየጠበቅኩህ ነው።»

ምን ይባላል? ምንም አላልኩም። እሷም አላስጨነቀችኝም፤ ተነስታ ወደ እናቴ ክፍል ገባችና «ና» አለችኝ። አንዱን እጅ ከትከሻ ሥር፣ ሌላውን ከዳሌ ሥር፤ መጎተት ሳይሆን ማንከባለል፤ ከዚያ ትራስ ከጀርባ። እኔ አላበኝ። እሷ ክንዴን እየያዘች ታስተካክለኛለች።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ስወጣ እዚያ ነኝ። ቪዛዋ ገና ነው፤ ቀጠሮ ትጠብቃለች። ትናንት ማታ ያለ እሷ እርዳታ እናቴን ወደ ግድግዳው አዞርኳት። ትራሱን ከጀርባዋ ስከት እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«አንተ ልጅ፣ እጅህ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።