ከጣቴ ሥር የነበረው አየር

ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። የነጭ ሽንኩርቱን ነገር ስነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡኝ፤ ወደ ስትሮው ስመለስ ግን ግራ ገባቸውና «ይኼ ደግሞ ምኑ ነው ኃጢአቱ?» አሉኝ። ላስረዳ ጀመርሁና ተውሁት። ስለዚህ ለእናንተ ላውራው። ይቅርታ ፍለጋ አይደለም፤ እናንተን አልበደልሁምና ይቅር የምትሉኝ ነገር የለም። የበደልኋቸው ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ነገሩን እስከ ዛሬ ከአፌ አልሰማም።

ዳባት ላይ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ትምህርቱ የአየር ግፊት ላይ ሲደርስ በየዓመቱ የማሳያት አንዲት ነገር ነበረችኝ። ብርጭቆ ውኃ ላይ ጥቂት ሻይ ጠብ አደርግና ከኋላ ላለው ልጅ እንዲታይ አቀላዋለሁ። ስትሮ እነክርበትና አናቱን በጣቴ ደፍኜ አነሣዋለሁ። ውኃው ስትሮው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ጣቴን ሳነሣ ይፈስሳል። ልጆቹ ምንጭ ዳር በገብስ አገዳ ሲጫወቱበት ያደጉት ነገር ነው፤ የሚገርማቸው ውኃው ሳይሆን ጨዋታቸው ትምህርት ሆኖ መምጣቱ ነበር። እኔም ሰሌዳው ላይ «የአየር ግፊት» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ።

ከዚያ የጻፍሁትን ትቼ ሌላ እናገራለሁ። «አናቱን ስደፍነው ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ነገር ደግሞ ይስባል፤ ውኃውን ስቦ የያዘው ያ ባዶነት ነው» እላለሁ። ዋሸሁ ለማለት ይከብደኛል፤ እንደዚያ ነው ብዬ አምን ነበር። ወይም፣ ልክ ለመናገር፣ አምን እንደሆነ አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

በ2007 ዓ.ም. መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ከጣትዎ ሥር ያለውም አየር አይደለም እንዴ? እሱስ ለምን ወደ ታች አይገፋውም?»

ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኛል። ስትሮው እጄ ላይ ነው፤ ከጣቴ ሥር፣ ከውኃው በላይ፣ አራት ጣት ያህል ቦታ አለ። ልጁ ያየውን እኔም አየሁት። ዐይን እስኪጨፈን ላለች ጊዜ ጥያቄው ትክክል እንደሆነ ታውቆኛል። ኑዛዜዬ እዚህች ላይ ነው። አለማወቄ በደል ነው አልልም፤ ብዙ የማላውቀው አለ። አለማወቄን ካወቅሁ በኋላ ያደረግሁት ነው በደሉ።

«እኔ ባዶ ነው እያልሁህ አንተ አየር ትላለህ? የተደፈነው ስትሮው ነው ወይስ ጆሮህ?» አልሁት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ትንሽ ሳቀ፤ እንዲያ ሲሆን ከመሳቅ በቀር ምን ይደረጋል። ከዚያ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። ይባስ ብዬ ቀልዷን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደገምኋት፤ እዚያም ሳቁልኝ።

ለምን እንደዚያ አደረግሁ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። መምህር ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ያለው ክብሩ ነው፣ ክብሩን ሲነኩበት ይቆጣል ብዬ ነበር። እውነት አለው፤ ግን ምክንያት አይሆንም። ከጎኔ ባለው ክፍል ባዮሎጂ የሚያስተምር ባልደረባዬ ያላወቀውን ሲጠይቁት «እንጃ፣ አይቼ ነገ እነግራችኋለሁ» ይል ነበር። እሱን የናቀው ልጅ አላየሁም። እንዲያውም በማግሥቱ ይጠብቁታል።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምናልባት ረስቼው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ የክርስትና አባቴ ጠሩኝ። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በመስኖ ነጭ ሽንኩርት ተክለዋል፤ ጉድጓድ አስቆፍረዋል፤ በባልዲ ማውጣቱ የልጆቻቸውን ወገብ ቆርጧል። ጎንደር ላይ በቤንዚን የሚሠራ የውኃ ሞተር አይተው መጥተዋል። «አንተ የተማርህ ነህ፤ ያወጣዋል ወይስ አያወጣውም?» አሉኝ። ገመድ ላይ ድንጋይ አስሬ ለካሁ፤ ከአፉ እስከ ውኃው ሰባት ሜትር ከትንሽ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው «8 ሜትር» ይላል። «አንድ ሜትር ይተርፋል አባባ፤ ሞተሩ ጉልበተኛ ነው፣ ይስበዋል» አልኋቸው። አንድ ወይፈንና ሁለት በግ ሸጠው ገዙት።

ሞተሩ ተነሣ፤ ቱቦው ተንቀጠቀጠ፤ ውኃ የለም። እንደሚባለው ፓምፑን አስቀድመን ውኃ ሞልተነዋል። አሁንም የለም። እኔ «ቱቦው አየር እያስገባ ነው» አልሁ። መጋጠሚያውን ያሰረው ትንሹ ልጃቸው ነበር፤ ዐሥራ አምስት ቢሆነው ነው። ካላማዳሪያ በስሱ ቆርጦ እንደገና ጠመጠመው። ሦስት ጊዜ ፈታ፣ ሦስት ጊዜ አሰረ። በሦስተኛው አባቱ «የማትረባ!» ብለው ጮኹበት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዝም አልሁ። ያኔ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ አውቄ አልነበረም፤ የልጁ እንደሆነም ግን አላውቅም ነበር፤ እንዲሆን ብቻ ነው የፈለግሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ከጎንደር አንድ የሞተር ባለሙያ መጣ። ጉድጓዱን አጎንብሶ አየና ስለ ቱቦው ሳይሆን ስለ አገሩ ጠየቀ፤ «ዳባት ከፍታው ስንት ነው?» 2,600 ሜትር ገደማ ነው አልሁት። «ታዲያ ምን ትደክማላችሁ» አለ። «ፓምፕ ውኃ ስቦ አያውቅም መምህር። እሱ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው። ውኃውን ከታች የሚገፋው ውጪ ያለው አየር ነው። አየሩ እንደ ባሕር ዳርቻ ከባድ ቢሆን ዐሥር ሜትር ይገፋላችኋል። እዚህ ደጋ ላይ ሰባት ተኩል ነው፤ እሱም ሞተሩ እንከን የሌለው ቢሆን ነው። እንዲህ ያለው ከአምስት ተኩል አያልፍም። ስምንት የተባለው ለቆላው ነው።»

ከዚያ ጉድጓዱ አጠገብ ሁለት ሜትር ጠልቆ ባንድ በኩል ክፍት የሆነ እርከን እንዲቆፈር፣ ሞተሩም እዚያ እንዲቀመጥ አዘዘ። «ጉድጓዱ ውስጥ ግን እንዳታወርዱት፤ ጭሱ ሰው ይገድላል» አለ። እርከኑ ሲያልቅ ሽንኩርቱ ደርቆ ነበር።

ባለሙያው ሲናገር ያሰብሁት ስለ ሽንኩርቱ አልነበረም፤ ስለ ስትሮው ልጅ ነበር። ባዶነት የሚስብ ነገር ከሆነ ጥያቄው የሞተሩ ጉልበት ብቻ ነው፤ ጉልበተኛ ሞተር ከየትም ይስባል። እኔ ለክርስትና አባቴ የነገርኋቸው ለክፍሉ የነገርሁትን ነው። ልጁን ሰምቼው ቢሆን፣ ወይ ደግሞ «እንጃ» ብዬ ማታ መጽሐፍ ገልጬ ቢሆን... ምናልባት ያም ባላዳነኝ። ግን መንገዱ በዚያ በኩል ነበር።

ደግሞ የሚያሳፍረው፣ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ለየብቻው አውቀው ነበር። ዳባት ላይ ውኃ 100 ሳይደርስ በ91 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ፣ ባቄላ አልበስል የሚለውም ለዚህ እንደሆነ፣ ምክንያቱም የአየሩ መሳሳት መሆኑን አስተምራለሁ። የጣሊያኑ ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ (በፈረንጆቹ) አየር ክብደት እንዳለው በሜርኩሪ ማሳየቱን፣ ሜርኩሪው 76 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጥ ማለቱን ለፈተና አስጠናለሁ። በ1648 ፓስካል የእኅቱን ባል ያንኑ ሜርኩሪ አስይዞ ፒዊ ደ ዶም የሚባል ተራራ ላይ አስወጣው፤ ሜርኩሪው ወረደ። ያ ዝነኛ ተራራ 1,465 ሜትር ነው። ከዳባት ገበያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እኛ ከእሱ ጫፍ በላይ ተቀምጠን ስለ እሱ ጫፍ እናነብባለን፤ እኔም ተራራው ላይ መሆኔን ረስቼ ሞተር ገዛሁ፤ ማለትም አስገዛሁ።

ባለሙያው የመጣ ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ስትሮና ሻይ አቀረብሁ። ስትሮው ብርሃን የሚያሳልፍ ነበር። ነክሬ አናቱን ደፈንሁና ከማንሣቴ በፊት ሻዩ የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። አነሣሁት። ሻዩ ከምልክቱ ዝቅ አለ፤ በጣም ጥቂት፣ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከታች ጫፉ ላይ ሊንጠባጠብ እንዳለ እንባ ጎበጥ ብሎ ቆመ። የልጁ መልስ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር ነበረች። ከጣቴ ሥር ያለው አየር አየር ነው፤ ወደ ታችም ይገፋል። ግን ውኃው ያቺን ታህል ሲወርድ አየሩ ሰፋ ያለ ቦታ ያገኛል፣ ይሳሳል፣ ግፊቱም ከውጭው ያንሳል። የጎደለውን ያህል የውኃው ክብደት ይሞላዋል፤ ከታች የሚገፋው አየርም ከሁለቱ ድምር ጋር ይተካከላል። ጠባብ አፍ ላይ ደግሞ የውኃው ገጽ እንደ ስስ ቆዳ ተወጥሮ አየሩ ሾልኮ እንዳይገባ ይይዘዋል። ማንም ምንም አልሳበም። ልጁ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሰጠው እዚህ ይደርስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ስንት ዓመት ያሳየኋትን ነገር እኔ ያየኋት ያን ማታ ነው።

ለክርስትና አባቴ ሄጄ ነገርኋቸው። ኮረፌ ቀድተውልኝ ነበር፤ አረፋው እስኪተኛ ዝም አሉ። ከዚያ «ያኔ እንጃ ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር መልሱን ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ትንሹን ልጅ አስጠርቼ ቋጠሮህ ደኅና ነበር አልሁት። «አውቃለሁ» አለኝና ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት ትምህርቱን አረምሁ። አረምሁ ስል፣ ትክክለኛውን አስተማርሁ ማለቴ ነው፤ ያለፈው ስሕተት እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርሁም። ከድሮም የማውቀው መስዬ ነው ያስተማርሁት። ስለዚህ መታረሜም ያው የድሮው ኩራት ነበረበት።

የስትሮውን ልጅ ባለፈው ዓመት ደባርቅ መናኸሪያ አገኘሁት። የጭነት መኪና ረዳት ሆኗል። ከሩቅ አይቶኝ ኮፍያውን አወለቀ፤ «ጋሼ!» ብሎ ጎንበስ አለ። ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትሁና ስለ መንገዱ ጠየቅሁት። ካልጋበዝሁ ብሎ እጄን ይዞ አጠገባችን ካለች ሻይ ቤት አስገባኝ፤ ሚሪንዳ አዘዘልኝ። ስትሮ ገብቶበት መጣ። እሱ ስለ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ያወራልኛል። ስትሮውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ከጠርሙሱ ጠጣሁ።