የጎማ ጣሪያ

እኛ ጣሪያ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮ ማለታችን ነው። በአዲስ አበባም ሆነ ዛሬ በምኖርበት በናይሮቢ ቤት ሲያፈስ ሚስማሩ የላላበት ቀዳዳ ይፈለጋል፤ ሬንጅ ቀልጦ ይደፈናል፤ ክረምቱም ያልፋል። ይህ ብልሃት የማይሠራበት፣ እንዲያውም ጥፋት የሚሆንበት ጣሪያ መኖሩን የተረዳሁት ግን በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ከታላቅ ወንድሜ ተሽከርካሪ ቤት ላይ ወጥቼ ነው።

ወንድሜ ለረጅም ዓመታት ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ባጠራቀማት ጥሪት አንድ አሮጌ ሞተር ሆም ገዛ። አልጋው፣ ምድጃውና መታጠቢያው ሁሉ በውስጡ ነው። ለብዙዎች የሽርሽር መኪና የሆነው ለእርሱ ብቸኛ መኖሪያው ነው፤ ጣሪያው ቢበሰብስ የሚጠጋበት ሌላ ቤት የለውም። በደረስኩ ማግስት ከአልጋው በላይ ባለው ኮርኒስ ላይ የወጣውን ሻይ የመሰለ እድፍ አሳየኝና «ዝናቡ ሳይመጣ ይህን እንጨርስ» አለኝ። በዚያ በረሃ ኃይለኛው ዝናብ የሚወርደው እንደ አገራችን ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ነው።

ጣሪያው ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ነው። እንደ ምንጣፍ ወጥ ሆኖ በስስ ጣውላ ላይ ይጣበቃል፤ ላዩ ነጭ፣ ሥሩ ጥቁር ነው። ፀሐይ ዓመት በዓመት ነጩን እየፋቀች ዱቄት ታደርገዋለች፤ ዱቄቱም ዝናብ ሲመታው በግድግዳው ላይ ነጭ መስመር እየሠራ ይወርዳል። ጥቁሩ ብቅ ካለ ላዩ ማለቁን ማወቅ ነው። የዚህ ጎማ ቀንደኛ ጠላት የነዳጅ ዘር ነው። ሬንጅም ሆነ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ከጣውላውም ይላቀቃል።

ውኃ የገባበትና የታየበት ቦታ ደግሞ አንድ አይደለም። ከእድፉ በላይ ያለው ጎማ ጤነኛ ነበር። ስንጥቁን ያገኘነው ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአንቴናው እግር ዙሪያ ባለው የደረቀ ማሸጊያ ላይ ነው። እዚያ በእጄ ስጫን ጣውላው እንደ ራሰ ዳቦ ሰረጎደ። ጎማውን ገልጠን የበሰበሰውን ቆርጠን አወጣን፤ በምትኩ ደረቅ ጣውላ ገጠምን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጣሪያውን በሳሙናና በለስላሳ ቡሩሽ ደጋግመን አጠብን፤ በእጃችን ስናብሰው ዱቄት መልቀቁን እስኪያቆምም ቀጠልን። የቀድሞው ባለቤት በአየር ማቀዝቀዣው ዙሪያ የለጠፈውን ሲሊኮን ፍቀን አነሣን፤ በሲሊኮን ላይ አብዛኛው ቅብ አይይዝምና። በጠፍጣፋው ቦታ ራሱን እየዘረጋ የሚተኛውን ማሸጊያ፣ በቁልቁለቱ ጠርዝ ደግሞ የማይፈስሰውን ወፍራሙን ተጠቀምን። ማሸጊያው ከጠና በኋላ ፀሐይዋ ሳትከርር ማለዳ ተነሥተን፣ ከፊት ወደ መሰላሉ እያፈገፈግን ቀባን። የመጀመሪያው ቅብ አድሮ ሲደርቅ ሁለተኛውን ደገምንበት።

ሳምንት ከፈጀው ሥራ ቅቡ የወሰደው ሁለት ማለዳ ብቻ ነው። በዱቄት ላይ ቢቀባ ተቀርፎ ይነሣ ነበር፤ በበሰበሰው ጣውላ ላይ ቢቀባም ርጥበቱን ከሥሩ አምቆ ይይዝ ነበር። መንገደኛ አይቶ የሚያደንቀው ንጣቱን ነው፤ ወንድሜን በደረቅ አልጋ የሚያሳድረው ግን ስንጥቁን ፍለጋ በጉልበታችን የዳኽንበት ጊዜ ነው።

በነሐሴ ደወለልኝ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ኮርኒሱ ደረቅ ነበር። ጎማው ጨርሶ ድኗል ብሎ ግን አልተዘናጋም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በየስድስት ወሩ መሰላሉን አቁሞ ይወጣል፤ እያንዳንዱን ማሸጊያ በጣቱ እየተጫነ ይመረምራል። የአልጋውን በላይ አሮጌ እድፍ እስከ ዛሬ ቀለም አልቀባውም። ዙሪያውን በእርሳስ አስምሮበታል፤ እድፉ አንድ ቀን ከመስመሩ ቢያልፍ ወዲያው እንዲያውቅ።