የሠዓሊው የፉጂታ ድመቶች

ድመት ከሰው ቤት ታድራለች እንጂ ጠባይዋን ሁሉ ለሰው አትሰጥም። ቀን ከምድጃ ዳር የምታንቀላፋው ሌሊት አዳኝ ናት። በአንድ አካል የዋህነትና አውሬነት እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ዕድሜውን ሙሉ ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ጹጉሃሩ ፉጂታ ነው።

ፉጂታ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. በቶኪዮ ተወለደ፤ የሥዕል ትምህርቱንም በዚያው ፈጽሞ በ1913 ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም የአውሮፓን የዘይት ቀለም ሲማር የአገሩን ቀጭን ብሩሽና ጥቁር ቀለም አልተወም። ሸራውን እንደ ወተት አንጥቶ፥ ጸሐፊ በተፋቀ ብራና ላይ እንደሚጽፍ ሁሉ፥ እጅግ የቀጠነ መሥመር ይስብበት ነበር። ይህም አሠራር ለድመት ጠጕር የተመቸ ሆነ። እጅ ካልረጋ ዓይንም ካልታገሠ እንዲህ ያለ ሥራ አይፈጸምምና፥ ድመቲቱ ለሠዓሊው የትዕግሥት መምህር ነበረች ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ1920ዎቹ ዓመታት የራሱን መልክ ሲሥል፥ ክብ መነጽሩንና በግንባሩ ላይ ተስተካክሎ የተቈረጠውን ጠጕሩን ካሳየ በኋላ፥ ብዙ ጊዜ ድመቱን ከአጠገቡ ያኖራት ነበር። በ1930ም የ20 ድመቶች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ በኒው ዮርክ ታተመለት።

በአውሮፓ ጦርነት ተነሥቶ ሳለ፥ በ1940፥ የድመቶቹ ነገር ተለወጠ። በዚያ ዓመት በሣለው ሥዕል 14 ድመቶች ጥርሳቸውን አግጠው፥ ጥፍራቸውን አውጥተው፥ አንዱ በአንዱ ላይ ሲዘል ይታያሉ። ከሚዋጉት መካከል አሸናፊው የትኛው እንደ ሆነ አይለይም። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ቢያየው፥ ሰሙ ድመት፥ ወርቁ ሰው ነው ይላል።

ነገር ግን ሠዓሊው ራሱ ከዚያ ውጊያ አልራቀም። በዚያው ዓመት ወደ ጃፓን ተመልሶ ለሠራዊቱ የጦርነት ሥዕል ሣለ። በ1943 ስለ አቱ ደሴት ውጊያ በሠራው ትልቅ ሥዕል፥ ቀድሞ እንደ ድመቶቹ፥ አሁን ሰዎች ተጠላልፈው ይተራረዳሉ፤ ሰሙ ቀርቶ ወርቁ ብቻውን ቆመ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ስለዚህ ሥራው ብዙ ተነቀፈ፤ በ1949ም ከአገሩ ወጣ፥ ዳግመኛም አልተመለሰም።

በ1959 በፈረንሳይ በራንስ ካቴድራል ተጠመቀ፤ ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ፍቅር ሊዮናር ተባለ። ሊዮናርዶም የተኙና የሚታገሉ ድመቶችን በአንድ ወረቀት ላይ ሥሎ፥ በመካከላቸው ትንሽ ዘንዶ ያገባ ሠዓሊ ነው። ፉጂታ በ1966፥ 80 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፥ በራንስ በእመቤታችን የሰላም እናትነት የተሰየመውን ትንሽ ቤተ ጸሎት ግድግዳ በእርጥብ ልስን ላይ በእጁ ሣለ። በ1968 ዐረፈ፤ መቃብሩም ዛሬ በዚያው ነው።

ጦርነትን የሣለ እጅ በመጨረሻው በሰላም ስም በተጠራ ቤት ሠራ። ይህ ንስሓ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ልብን የሚመረምር አምላክ ያውቃል። ድመት ግን ጥፍሯን ማውጣት ብቻ ሳይሆን መሸሸግም ታውቃለች፤ የሰው ልጅ ሁለተኛውን ለመማር ዕድሜውን ይፈጃል።