በሙታይጋ የሣር ሜዳ፤ ልምምድ ፍሬ የሚሰጠው እንዴት ነው?

ከናይሮቢ መሐል ተነሥቶ ወደ ኪያምቡ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ የከተማው ጫጫታ ገና ከጆሮው ሳይጠፋ፣ ከካሩራ ደን ብዙም የማይርቀውን የሙታይጋን የጎልፍ ሜዳ ያገኛል። ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋማ ሥፍራ የማለዳው አየር ቀዝቃዛ፣ ሣሩም ጤዛ የቋጠረ ነው። የኬንያ ኦፕን የተባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በዚሁ ሜዳ ላይ ነበር።

እኛም ሥፍራውን በጎበኘንበት ማለዳ ከዋናው ሜዳ ይልቅ ዓይናችንን የሳበው የመለማመጃው ጥግ ነው። አንድ ተጫዋች በባልዲ የሞላ ኳስ ከአጠገቡ አስቀምጦ፣ በአንድ ዱላ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ያለ ዕረፍት ይመታል። ላቡ ይንጠባጠባል፤ ኳሶቹም አምረው ይበራሉ። ከእርሱ ፈንጠር ብሎ ደግሞ በዕድሜ የገፋ ሌላ ሰው ከአሥር የማይበልጡ ኳሶች ብቻ ይዟል። አንዷን ይመታል፤ ዱላውን ይለውጣል፤ ዒላማውን በዓይኑ ይመርጣል፤ ቆም ብሎ ካሰበ በኋላ ሌላዋን ይመታል። ላዩን ለሚያይ ሰው ትጉሁ የፊተኛው፣ ዳተኛው የኋለኛው ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት፤ የእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተጫዋቹ እስከ 14 ዱላዎች ይዞ ይሰለፋል። አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከአሸዋ፣ አንዴም ከተዳፋት ይመታል። ጨዋታው ያንኑ ምት ደጋግሞ እንዲሞክር ፈቃድ አይሰጠውም። እንግዲህ ሃምሳ ኳስ ባንድ ዓይነት መንገድ የመታ ሰው የተለማመደው ሜዳው ፈጽሞ የማይጠይቀውን ነገር ነው ማለት ነው።

ይህን እውነት እ.ኤ.አ. በ1979 ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች በጎልፍ ሳይሆን በእጅ እንቅስቃሴ ፈትነውታል። አንድን እንቅስቃሴ ደጋግመው ከጨረሱ በኋላ ወደ ሌላው የተሸጋገሩት ሰዎች በልምምዱ ጊዜ በልጠው ታዩ። ቆየት ብሎ በተደረገው ፈተና ግን እንቅስቃሴዎቹን እያቀላቀሉ የተለማመዱት በለጡአቸው። ምክንያቱም አእምሮ በየጊዜው እንደገና እንዲያስብ ሲገደድ የተማረውን አጥብቆ ይይዛል። ዛሬ ቀላል የሆነ ልምምድ ነገ ይከዳል፤ ዛሬ የሚያስቸግረው ግን ነገ ይታደጋል።

በሙታይጋ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1978 የኬንያ ኦፕንን ያሸነፈው ስፔናዊው ሴቬ ባሌስቴሮስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ በፔድሬኛ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የተለማመደው ከወንድሙ ባገኛት አንዲት ቁጥር 3 የብረት ዱላ ነበር። ዱላዋ አንድ ብትሆንም ምቱ አንድ አልነበረም፤ ከፍ ያለውንም ዝቅ ያለውንም፣ ሩቁንም ቅርቡንም ኳስ በእርሷ መምታት ግድ ሆኖበታል። በሙታይጋ ካሸነፈ ከአንድ ዓመት በኋላ የብሪቲሽ ኦፕን ባለድል ሆነ።

ስለዚህ አንድ የልምምድ ሰዓት ያለው ሰው ምን ያድርግ? በቅድሚያ፣ ዛሬ የማሻሽለው ምንድን ነው ብሎ አንድ ነገር ይወስን። ጀማሪ ከሆነ አያያዙና አቋቋሙ እስኪስተካከል ድረስ ጥቂት ይደጋግም፤ ይህ አይነቀፍም። ከዚያ በኋላ ግን በእያንዳንዱ ኳስ ዱላውንና ዒላማውን ይለዋውጥ። ከሰዓቱ ሰፊውን ክፍል በጉድጓዱ አቅራቢያ ለሚደረጉት አጫጭር ምቶች ይስጥ። በመጨረሻም አንዲት ኳስ ብቻ አስቀርቶ፣ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለው ሰው ይምታት፤ ውጤቱንም በደብተር ይጻፍ።

ውድ የሠራዊቱ አባላት፣ ጎልፍ ተጫውተን የማናውቅ ብንሆንም ይህ ትምህርት ወደ ተኩስ ሜዳችን የሚዘልቅ ነው። የተሰጠችንን ጥቂት ጥይት ሁሉ ተኝተን ባንድ ርቀት ብቻ ከጨረስናት የምናገኘው ያማረ የወረቀት ዒላማ ነው። ተኝተን፣ ተንበርክከንና ቆመን፣ ርቀቱንም እያፈራረቅን ብንተኩስ ውጤታችን ለጊዜው ዝቅ ይል ይሆናል። የጭንቁ ቀን ሲመጣ ግን የራስንም የጓድንም ሕይወት የሚያተርፈው ይኸኛው ልምምድ ነው።

እኅቶቻችን ሆይ፣ ለእናንተም ጊዜ ከጥይት ያልተናነሰ ውድ ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ በምትተርፈው ግማሽ ሰዓት ልጽሕፈት መኪና ወይም ለትምህርት የምትቀመጡ፣ የምታውቁትን ገጽ ደጋግማችሁ አትርኩ። ልጃችሁም ሒሳብ ሲያጠና ሃያ የመደመር ጥያቄ በተከታታይ ከሚሠራ፣ መደመሩን ከመቀነስና ከማባዛት ጋር አቀላቅላችሁ ስጡት። በዕረፍት ቀን ደግሞ ብርጭቆ በወለሉ ላይ አጋድማችሁ፣ ትንሽ ኳስ አንዴ ከአንድ እርምጃ፣ አንዴ ከሦስት፣ አንዴም ከሁለት እርምጃ ርቀት እያንከባለላችሁ ለማስገባት ከልጆቻችሁ ጋር ተወዳደሩ። ሳቁም ትምህርቱም ከቤት አይጠፋም።

የባልዲውን መጉደል የሚቆጥር ብዙ ነው፤ ከልምምዱ ይዞት የሚሄደውን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ እንሁን።