ዛፍ ወንድማችን ነው

በልጅነቴ በእስቴ አገር ፍየል ስጠብቅ ከቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ገብቼ አንድ ለጋ ወይራ ለበትር ቆረጥሁ። የኔታም አይተው «ልጄ፥ ወንድምህን ስለ ምን ቆረጥኸው?» አሉኝ። እኔም «እንጨት ነው እንጂ ወንድሜ አይደለም» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም «እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጀው፤ ዛፍንም ከዚያችው ምድር አበቀለው። የአንዲት እናት ልጆች ወንድማማች አይደሉምን?» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልሁ።

ዛሬ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ኮረብታው ታርሶ፥ ጥድና ወይራ፥ ኮሶና ዝግባ አብዛኛው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ዓመት ባወጡት ጽሑፍ 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና ሐረግ ቈጠሩ። ነገር ግን ከብት ገብቶ ቡቃያውን ሲበላና ሲረግጥ፥ ያረጀው ዛፍ በወደቀ ጊዜ የሚተካው ልጅ ያጣል። ስለዚህ በአንዳንድ ደብር ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ፤ በካቡም ውስጥ ቡቃያ በቀለ።

ልጆች ሆይ፥ እኔ የቆረጥሁት ወይራ ቢተው ኖሮ ዛሬ ጥላ በሆናችሁ ነበር። እናንተ ግን ቡቃያ ስታዩ ጠብቁት እንጂ አትቁረጡት፤ እናንተም ቡቃያ ናችሁና።